ተቀባይ ያጣ ሽለላ፦ የጌታቸው መኩሪያ የስቱዲዮና የመድረክ አጨዋወት ሲነጻጸር

በሰሜን ጎንደር ደጋዎች፣ በዳባትም ሆነ በጃናሞራ፣ ሽለላ ለብቻ የሚባል ነገር አይደለም። ሠርግ ቤት ውስጥ ጨዋታው ሲጋጋል አንዱ ድምፁን ስቦ ያቅራራል፤ ሌሎቹ በዜማ ይቀበሉታል። ስሜቱ የገነፈለበት ሰው ዱላውን ይዞ ብድግ ይልና «ዘራፍ» ብሎ ወደ ፉከራ ይሻገራል። ያን ጊዜ «በለው» የሚል አለ፤ እልል የምትል አለች፤ ክንዱን ይዞ የሚያረጋጋ ሽማግሌም አይታጣም። ፉካሪው የሚቀጥለውም የሚያበቃውም ከእነዚህ ሰዎች የሚያገኘውን ምላሽ እያየ ነው።

ይህ ሥርዓት ከሰው መካከል ወጥቶ ወደ መቅረጫ ክፍል ሲገባ ምን ይሆናል? ጥያቄው የሙዚቃ ወዳጆች ብቻ አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ቃል ግጥም የሚሰበስብ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መቅረጸ ድምፁን በከፈተ ቁጥር የሚገጥመው ነው። ለመመለስ ግን አንድ ዓይነት ሙዚቃ፣ በአንድ ሰው፣ በስቱዲዮም በመድረክም የቀረበበት ምሳሌ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ምሳሌ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። የተወለዱት ጎንደር ሳይሆን በይፋት ነው። ሆኖም ሽለላቸው ቃል የለበትምና የግጥሙ ውበት ጆሮን ሳያማልል ቅርጹ ራሱ ወጥቶ ይሰማል፤ ለንጽጽር የሚመረጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጌታቸው በ1935 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ከክራርና ከመሰንቆ ጀምረው ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገቡ፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። ገና በወጣትነታቸው የሽላዩን ድምፅ ወደ ቴነር ሳክስፎን አመጡት፤ የተሳበውን የጉሮሮ ንዝረት፣ የተሰበረውን ጩኸት፣ በድንገት ወደ ላይ የሚወረወረውን ሐረግ። ምዕራባውያን ሃያስያን አጨዋወታቸውን ከአሜሪካዊው የጃዝ ሰው ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሉታል። ንጽጽሩ ለውጭ አድማጭ መግቢያ በር ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን ምንጩን ይሸፍናል። ጌታቸው በዚህ ስልት መጫወት የጀመሩት አይለር ከመታወቁ በፊት ነው፤ የተማሩትም ከዘማችና ከአዝማሪ ድምፅ ነው።

የስቱዲዮው ሥራ በ1972 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ ኢትዮጵያ ስም በሸክላ ወጣ፤ ከ31 ዓመት በኋላ በፈረንሳይ በሚታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና ለገበያ ቀረበ። በዚህ ሸክላ ላይ ባንዱ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማል፤ ሳክስፎኑ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሲያዳምጡት የሚያስገርመው እርጋታው ነው። ጌታቸው ያቅራራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይለማመጣሉ፤ ከሥራቸው ያለው ሐረግ ግን አይደነግጥም፣ አይፋጠንም፣ አያቋርጣቸውም። በአማርኛ አነጋገር ባንዱ አጃቢ ነው እንጂ ተቀባይ አይደለም። አጃቢ ዘፋኙን ይሸከማል። ተቀባይ ግን የዘፋኙን ቃል አንሥቶ ይመልስለታል፤ ሲመልስም የሚቀጥለውን እንዲናገር ያስገድደዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ በሽለላ ውስጥ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

ይህን ልዩነት ከቴክኖሎጂ ጋር ብቻ ማያያዝ አያስኬድም። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የሚቀረጽ ሙዚቃ በአብዛኛው ተጫዋቾቹ በአንድነት ሆነው በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ነበር፤ ድምፅን በድምፅ ላይ እየደረቡ የመሥራት ልማድ ገና አልተስፋፋም። በዚህ መለኪያ ስቱዲዮውም «ቀጥታ» ነበር። የጎደለው ክፍሉን የሚሞላ ሰው ነው። ከዚህ ጋር የሸክላው ገጽ የሚይዘው ጊዜ የተወሰነ መሆኑ ይጨመራል። በሠርግ ቤት ፉካሪው መቼ እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ከሰዎቹ ነው፤ በስቱዲዮ የሚያስቀምጠው ሰዓት ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሌላው ዓለምም ታይቷል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዘፋኞች አርአያ አድርገው ከተመለከቷቸው አንዱ ጄምስ ብራውን በጥቅምት 1962 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ አፖሎ ቴአትር ያቀረበው ዝግጅት ተቀርጾ በተከታዩ ዓመት ወጣ። በነጠላ ሸክላ ሦስት ደቂቃ ገደማ የነበረ አንድ የፍቅር ዘፈኑ በዚያ መድረክ ከ10 ደቂቃ በላይ ፈጀ። ያረዘሙት የሴቶቹ ጩኸቶች ናቸው። ብራውን አንድ ቃል ይጥላል፣ ይጠብቃል፣ ምላሹን ሰምቶ ሌላ ይጥላል። የሰሜን ጎንደር ሽማግሌ ይህን ሸክላ ቢያዳምጥ እንግሊዝኛውን ባያውቅም ሥርዓቱ የሚጠፋበት አይመስልም።

የጌታቸው የመድረክ ዘመን የተከፈተው ባልተጠበቀ በኩል ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኔዘርላንድስ የፓንክ ሮክ ባንድ ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። ከግብዣው «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘ አልበም በ2006 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ በአውሮፓ በርካታ መድረኮች ተከተሉ፤ በነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ። ጌታቸው ሰባኛ ዓመታቸውን ይዘው ለምድ ደርበው፣ የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ላይ አድርገው ይወጡ ነበር።

ከ1972ቱ ሸክላ ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው የጊታሮቹ ጩኸት ብቻ አይደለም። ክላሪኔት፣ አልቶ ሳክስፎንና ትሮምቦን በጎናቸው ቆመዋል። ጌታቸው ሐረጋቸውን ሲጨርሱ እነዚህ መሣሪያዎች ዜማውን ያነሡታል፤ አንዳንዴም ሳይጨርሱ ይገቡባቸዋል። ከበሮው አይሸከምም፤ ይገፋል። ሠላሳ ዓመት ያህል በአጃቢ ላይ ሲንሳፈፍ የነበረው ሽለላ ተቀባይ አገኘ፤ ተቀባዮቹ ደግሞ ቋንቋውን የማይናገሩ፣ ዘፈንን በመጮኽ የለመዱ አውሮፓውያን ነበሩ። ከለስላሳው የስቱዲዮ ባንድ ይልቅ ሻካራው ፓንክ ለሽለላ ጠባይ የቀረበ ሆኖ መገኘቱ በአገር ውስጥ የሙዚቃ ጥናት ካገኘው ትኩረት በላይ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ ማለት ግን መድረኩ ሠርግ ቤት ሆነ ማለት አይደለም። የነፋስ መሣሪያዎቹ ምላሽ የተለማመዱት ነው፤ «በለው» ማለት መቼ እንደሚገባ የአምስተርዳም ታዳሚ አያውቅም፤ ክንዳቸውን ይዞ የሚያረጋጋቸውም አልነበረም። ስለዚህ «ስቱዲዮው የሞተ፣ መድረኩ ሕያው» የሚለው የተለመደ ፍርድ አያዋጣም። ሁለቱም ከሽለላው አንዳንድ አካል ወስደዋል። የስቱዲዮው ቅጂ የሽላዩን ድምፅ ከማንኛውም መድረክ በጠራ ሁኔታ ያሰማል፤ የንዝረቱን ዓይነት፣ የትንፋሹን ርዝመት ማጥናት የሚፈልግ ወደ እርሱ ይሂድ። የመድረኩ ቅጂ የሚያሳየው በሰዎች መካከል ያለውን ቅብብል ነው።

ወደ ጎንደር ደጋ ሲመለሱ ነገሩ ይከብዳል። ቃል ግጥም ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሽላዩን ከግርግሩ ለይቶ ፀጥ ያለ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ድምፁ እንዲጠራ ያደርገዋል፤ ሳያስበው ግን የስቱዲዮ ቅጂ ሠርቷል። ከዚያ የሚገለበጠው ግጥም በስንኝ በስንኝ ተደርድሮ በጥናቱ አባሪ ውስጥ ይገባል፤ ተቀባዮቹ፣ እልልታው፣ የሽማግሌው እጅ አይገቡም። በአዝማሪ ዘንድ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በጎንደር አዝማሪ ቤቶች ግጥሙን አድማጭ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። ለብቻው የተቀረጸ አዝማሪ የሌላውን ስንኝ በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ ገጣሚው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ከመዝገቡ ይጠፋል። በጎንደር የሠራው ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ካሜራውን በአዝማሪውና በአድማጩ መካከል ማቆሙ በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሰጥ ነው፤ በፊልሞቹ አድማጩ ከሥዕሉ አይወጣም።

ስለዚህ አንድን ሽለላ ሁለት ጊዜ መቅረጽ ይበጃል፤ አንዴ በፀጥታ፣ አንዴ በሰው መካከል። በሁለተኛው ቀረጻ አንድ ማይክሮፎን ወደ ሽላዩ፣ ሌላው ወደ ተቀባዮቹ ይዙር። ሲገለበጥም ገጹ በሁለት ዓምድ ይከፈል፤ በአንዱ የሽላዩ ቃል፣ በሌላው ማን፣ ከየትኛው ስንኝ በኋላ፣ ምን እንዳለ ይጻፍ። ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በፀጥታው ቀረጻ ያልነበሩ ስንኞች በሰው መካከል ከታዩ፣ ከማን «በለው» በኋላ እንደመጡ ከዓምዱ ላይ ማንበብ ይቻላል።