አመል ወይስ ሕመም? በቤት ውሾች ላይ ስለሚታየው አባዜ

በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ

የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው።

ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ ገና ጀማሪ የእንስሳት ሐኪም ሳለሁ፣ አንድ የግቢ ጠባቂ ውሻ እሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ መጣ። ውሻው ከበሩ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ነበር። ባለቤቱ «ጅራቱን እያሳደደ ሲሽከረከር ይውላል፤ ሲጠሩት አይሰማም፤ ምግብ ቢቀርብለት እንኳ ዞር ብሎ አያይም» አሉኝ። እኔም የጅራቱን ቁስል አጥቤ ቅባት ቀባሁለትና «ክፉ አመል ነው፤ ሰንሰለቱን አሳጥሩት፣ ሲዞርም ተቆጡት» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ውሻው የጅራቱን ጫፍ እስከ አጥንቱ ድረስ ነክሶት ነበር። ከመቁረጥ በቀር ሌላ መፍትሔ አልታየኝም። ጅራቱ ተቆረጠ፤ ቁስሉም ዳነ። ውሻው ግን በሌለው ጅራቱ ዙሪያ መሽከርከሩን ቀጠለ።

ችግሩ ከጅራቱ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አበው «አመል ያወጣል ከመሐል» ይላሉ። በአመሉ ምክንያት የተደበደበ፣ ከቤት የተባረረ፣ አልፎም የተገደለ ውሻ በየሰፈራችን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አመል የምንለው ነገር ሕመም የሚሆነው መቼ ነው?

በመጀመሪያ አባዜ ያልኩትን ነገር ልግለጽ። ውሻ በተፈጥሮው ያሳድዳል፣ ይልሳል፣ ይጠባል፣ ይቆፍራል። እነዚህ ሁሉ ዓላማ ያላቸው ጤናማ ድርጊቶች ናቸው። አባዜ የምንለው ከእነዚህ ድርጊቶች አንዱ ከዓላማው ተነጥሎ፣ ያለ በቂ ምክንያት ሲደጋገም፣ ለማቋረጥም ሲያስቸግርና የእንስሳውን መብል፣ እንቅልፍና ጨዋታ ሲሻማ ነው። አንድ ቡችላ በጨዋታ መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ጅራቱን ቢያሳድድ ሕመም አይደለም። አንድ ውሻ ግን ጌታው ከሥራ ሲመለስ ሊቀበለው እንኳ መሽከርከሩን መተው ካቃተው፣ ነገሩ ከአመል አልፏል።

አባዜው እንደየዘሩ መልኩን ይለውጣል። ቡል ቴሪየርና ጀርመን ሼፐርድ ጅራታቸውን በማሳደድ ይታወቃሉ። ዶበርማን የጎኑን ቆዳ ወይም ብርድ ልብስ ሲጠባ ይገኛል። በጎች ለመጠበቅ የተዳቀለው ቦርደር ኮሊ ጥላንና የብርሃን ነጸብራቅን ያሳድዳል። ግዙፍ ውሾች ደግሞ የፊት እግራቸውን አንድ ቦታ እየላሱ ጸጉሩን ያረግፉታል፣ ቆዳውንም ያቆስሉታል። ቁስሉ ያሳክካል፤ ማሳከኩ እንደገና ያስልሳል፤ መላሱም ቁስሉን ያሰፋል።

እንዲህ ያለው ነገር ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ውስጣዊ ግጭት ነው። ያንን የታሰረ ውሻ እናስብ። ከበሩ ውጭ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ሊሮጥ ይነሣል፤ ሰንሰለቱ ይይዘዋል። ፍላጎቱ ተቀስቅሷል፣ መንገዱ ግን ተዘግቷል። የተቀሰቀሰው ኃይል መውጫ ሲያጣ በአቅራቢያው ባገኘው ነገር ላይ ያርፋል፤ ጅራት ደግሞ ሁልጊዜ አብሮት አለ። በመጀመሪያ የሚሽከረከረው ኮቴ ሲሰማ ብቻ ነው። ቀጥሎ የበር ድምፅ ይበቃዋል። በመጨረሻ ምንም ሳይሰማም ይዞራል። ልማዱ ከመነሻው ሲነጠል ሰንሰለቱን መፍታት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ቶሎ መድረስ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ውርስ ነው። በ2010 የታተመ ጥናት በዶበርማኖች ላይ የሚታየውን ጎንና ልብስ የመጥባት አባዜ በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ ከሚገኝ አካባቢ ጋር አያይዞታል። ይህ ማለት ግን ጂን ብቻውን ዕጣ ይወስናል ማለት አይደለም። በ2012 የታተመ፣ ፊንላንድ ውስጥ በ368 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጅራታቸውን የሚያሳድዱት ከማያሳድዱት ይልቅ ቀደም ብለው ከእናታቸው የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ውርስ በር ይከፍታል፤ አስተዳደግና አኗኗር ያስገባሉ።

ይህ ጉዳይ የሰው ሐኪሞችንም ትኩረት ስቧል። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቻቸው በ1992 ባወጡት ጥናት፣ እጃቸውን ያለማቋረጥ ለሚታጠቡና መሰል አባዜ ላለባቸው ሰዎች የሚታዘዘው ክሎሚፕራሚን እግራቸውን የሚልሱ ውሾችንም እንደሚረዳ አሳይተዋል። በአንጎል ውስጥ በሴሮቶኒን ላይ እምብዛም የማይሠራው ተቀራራቢ መድኃኒት ግን ያን ያህል አልረዳቸውም። ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰውየው «እጄ አልጠራ አለኝ» ብሎ ሐሳቡን ይነግረናል። ከውሻው የምናየው ድርጊቱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተግባር ልለፍ። የመጀመሪያው ሕግ «ከአእምሮ በፊት አካልን መርምር» የሚል ነው። በ2012 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ ወለልና ግድግዳ አዘውትረው ከሚልሱ 19 ውሾች መካከል 14ቱ የጨጓራ ወይም የአንጀት ችግር ተገኝቶባቸዋል። የፊንጢጣ ዕጢ መቆጣት፣ ቁንጫ፣ የቆዳ አለርጂ፣ የጀርባ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ሁሉም አባዜ መስለው ሊቀርቡ ይችላሉ።

በአገራችን ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አባዜ ቀስ በቀስ ይጀምራል፤ ለወራትና ለዓመታትም ይቆያል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን በድንገት ባሕርይ ይለውጣል፤ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ መዋጥ ይከለክላል፣ ድምፅን ይለውጣል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ውሻው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል። ባሕርዩ በድንገት የተለወጠን፣ መከተቡም ያልታወቀን ውሻ አትቅረቡ፤ ለባለሙያ አሳውቁ። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መትረፍ የለም ማለት ይቻላል።

አካላዊ ሕመም አለመኖሩ ከተረጋገጠ፣ ከእኔ የያኔ ምክር ተቃራኒውን አድርጉ። አትምቱት፣ አትጩኹበትም፤ ጭንቀት የወለደውን ነገር ጭንቀት አያድነውም። ሰንሰለቱን አታሳጥሩት፤ በአንገቱ ዙሪያ ቆብ ማሰርም ቁስሉ እስኪድን ይረዳ እንደሆነ እንጂ አባዜውን አያጠፋም። ልጆች በሌዘር መብራት ውሻ እንዳያጫውቱ ከልክሉ፤ የማይጨበጥ ነገር ማሳደድ ለብርሃን አባዜ መነሻ ሊሆን ይችላል። ከዚያም መቼ፣ የት፣ ምን ሲሰማ እንደሚጀምር መዝግቡ፤ በስልካችሁ ቅረጹትና ለሐኪሙ አሳዩ። የምግቡንና የእግር ጉዞውን ሰዓት አስተካክሉ፤ የሚያኝከውና አነፍንፎ የሚፈልገው ነገር ስጡት። ሊጀምር ሲል፣ ገና ሳይጀምር፣ ጠርታችሁ አስቀምጡትና ሸልሙት።

ይህ ካልበቃ ሐኪም እንደ ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን ያሉትን መድኃኒቶች ሊያዝ ይችላል። ውጤታቸው ለመታየት ሳምንታት ይወስዳል፤ የአኗኗር ለውጥም ካልታከለበት ጥቅማቸው ውሱን ነው። ለሰው የታዘዘውን ለውሻ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም። ግባችን ብዙውን ጊዜ አባዜውን ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን እንስሳው ሊኖርበት ወደሚችልበት ልክ መቀነስ ነው።

ወደዚያ ውሻ ልመለስና ላብቃ። ለሦስተኛ ጊዜ ያመጡት የግቢው ዘበኛ ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ ሰው። በየንጋቱ ሰንሰለቱን ፈትተው፣ በገመድ ይዘው እስከ ወንዙ ድረስ ያንሸራሽሩት ጀምረው ነበር። መሽከርከሩ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ይህን እንዲያደርጉ ማን እንደመከራቸው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ማንም አልመከረኝ፣ ዶክተር። እኔም እኮ ሌሊቱን ሙሉ ከበሩ እስከ ማዕዘኑ ስመላለስ ነው የማድረው። ልዩነታችን እኔ ሲነጋ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው።»

እኔ በትምህርት ቤት ያላገኘሁትን እሳቸው ከበሩ ሥር አግኝተውታል። የውሻችሁ ድርጊት እንግዳ ሲሆንባችሁ «ምን ነካው?» ከማለታችሁ በፊት ቀኑን እንዴት እንደሚውል ተመልከቱ።