እንቁላል የማይስማማው ሰው ስለሚከተበው ክትባት

ከጣርማበር ቁልቁል ወርዶ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ያገኘ መንገደኛ ጉንፋንን በደጋ ትቶት የመጣ ይመስለዋል። በይፋት ቆላም ስለ ወባ እንጂ ስለ ጉንፋን ብዙ አይነገርም። ነገር ግን በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስለቀሰው፣ እኛም የኅዳር በሽታ የምንለው መቅሠፍት፣ በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነበረና ነገሩን መናቅ አይገባም።

ከይፋት ለሐጅ ወደ መካ የሚሄዱ ምእመናን እጅግ ከበዛ ሕዝብ ጋራ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰነብታሉ። በእንደዚህ ያለ ስፍራ በሽታ ፈጥኖ ስለሚዛመት፣ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት የማጅራት ገትር ክትባትን ግዴታ አድርጓል። ቢጫ ወባ ከሚያሰጋቸው አገሮች ለሚመጡም፣ ኢትዮጵያ ከነዚሁ አንዷ ናትና፣ የዚያን ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። የኢንፍሉዌንዛውን ደግሞ ይመክራል።

እንግዲህ እንቁላል የማይስማማው ሰው፣ ከሦስቱ ሁለቱ በዶሮ እንቁላል የሚዘጋጁ መሆናቸውን ሲሰማ ይጨነቃል። አንዱ ሁሉንም ፈርቶ ይቀራል፤ ሌላው ጉዞው እንዳይሰናከልበት ሕመሙን ከሐኪም ይሸሽጋል። ሁለቱም አይበጁም፤ የሁለቱ መርፌ ነገር አንድ አይደለምና።

አለርጂ አለበት የሚባለው፣ እንቁላል በበላ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ገላው ሽፍታ የሚወጣበት፣ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ የሚያስመልሰው፣ ባስ ሲልም ትንፋሽ አጥሮት ራሱን የሚስት ሰው ነው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ዶሮ ወጥ በልቶ ሆዱን የቆረጠው ሰው ግን በእንቁላሉ ብቻ አይፍረድ፤ ቅቤውና በርበሬውም አብረው ይጠየቁ። በሕፃንነት የጀመረ አለርጂም ብዙዎቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

የኢንፍሉዌንዛው ክትባት የሚሠራው እንዲህ ነው። ፅንስ ባለው እንቁላል ውስጥ ቫይረሱ ገብቶ ጥቂት ቀን ይራባል፤ ከዚያ ፈሳሹ ተቀድቶ ቫይረሱ በመድኃኒት ይገደላል፣ ይጣራል። በአብዛኞቹ ዘንድ በአንድ መርፌ የሚቀረው የእንቁላል ፕሮቲን ከአንድ ግራም ሚሊዮነኛ እጅ አይበልጥም። እንቁላል የማይስማማቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ተከትበው ከሌላው ሰው የተለየ አደጋ ስላልታየባቸው፣ የአሜሪካ የክትባት አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ከማንኛውም ተከታቢ የተለየ ጥንቃቄ አያስፈልጋቸውም ብለው ወሰኑ። አሁንም ልቡ ያልረጋ ሰው ቢኖር፣ ያለ እንቁላል የሚሠሩ ክትባቶች እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በዚያው አገር ተፈቅደዋል። የሚከለከለው ቀድሞ ይኸው ክትባት ራሱ በብርቱ የጣለው ሰው ነው።

ቢጫ ወባ ግን ሌላ ነው። ስሙ ወባ ቢባልም፣ በትንኝ ከመተላለፉ በቀር ከቆላው ወባ ጋራ ዝምድና የለውም። ክትባቱን ማክስ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1937 አውጥቶ በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ቫይረሱ ደከመ እንጂ አልሞተም፤ በዶሮ ፅንስም አድጎ የሚቀርበት የእንቁላል ፕሮቲን ከኢንፍሉዌንዛው ይበዛል። ስለዚህ እንቁላል በብርቱ የሚጥለው ሰው እንደ ሌላው ዝም ብሎ አይወጋም። ሐኪም አስቀድሞ በቆዳው ላይ ይፈትነዋል፤ ካስፈለገም በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ ይሰጠዋል፤ የማይቻል ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ያረጋግጥለታል። ያን ጽሑፍ መቀበል አለመቀበሉ ግን የተቀባዩ መንግሥት ፈቃድ ነው። በሽታውም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ 100,000 ሰው አሞ 30,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል።

የማጅራት ገትሩ ክትባት ከእንቁላል ጋራ ነገር የለውም። እናቶችም ለ9 ወር ሕፃን የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት በዚሁ ፍርሃት እንዳይተዉ እናሳስባለን፤ በዶሮ ፅንስ ሕዋስ ላይ ቢያድግም እንቁላል የማይስማማው ልጅ ያለ ስጋት ይወስደዋል።

የቢጫ ወባው ምስክር ወረቀት መጽናት የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የቆዳውም ፈተና ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ አለርጂ ያለበት ተጓዥ የጉዞው ቀን ሳይቃረብ ወደ ሐኪም ሄዶ፣ መቼ ምን እንደ በላና ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይንገር። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ካገኘ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል።