ፍሬን የሌለው አውሮፕላን

የባሕር አውሮፕላን ሞተሩ ከተነሳ ጊዜ ጀምሮ መንገደኛ ነው። ፍሬን የለውም። ገመዱ ተፈትቶ ፕሮፔለሩ መዞር ሲጀምር ወደፊት መሄዱን የሚከለክለው ነገር የለም። ስለዚህ የመሬት አውሮፕላን አብራሪ ማኮብኮቢያው ዳር ቆሞ ረጋ ብሎ የሚያደርገውን ፍተሻ፣ የውሃው አብራሪ እየሄደ ያደርገዋል፤ አንዴ የዘይት ግፊቱን፣ አንዴ ከፊቱ የሚያልፈውን ጀልባ እያየ። ሰው የሚያደንቀው ከላይ ሆኖ የሚታየውን ሐይቅና ተራራ ነው። በእኔ እይታ ግን የዚህ ሙያ ትልቁ ነገር ያለው አውሮፕላኑ ውሃውን በሚነካባቸውና በሚለቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ላይ ነው።

የባሕር አውሮፕላን ወቅት በጋ ነው። በአላስካ፣ በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ሐይቆቹ ክረምቱን በረዶ ሆነው ስለሚከርሙ፣ አውሮፕላኖቹ በዚያን ጊዜ በበረዶ ሸርተቴ ወይም በጎማ ይሠራሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ተንሳፋፊ ይገጠምላቸዋል። አንከሬጅ ከተማ ያለው ሌክ ሁድ በዓለም ላይ ብዙ የባሕር አውሮፕላን የሚመላለስበት ጣቢያ ነው። እዚያ በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የግል አብራሪው ከሥራ ወጥቶ፣ መንገድ የማይደርስበት ሐይቅ ላይ አርፎ፣ ዓሣ አጥምዶ በብርሃን ቤቱ ይመለሳል። አብዛኛው የሚያበርረው ሁለት ሰው የሚይዘውን ፓይፐር ሱፐር ካብ ወይም አራትና ስድስት መቀመጫ ያላቸውን ሴስናዎች ነው።

ታሪኩ ከአቪዬሽን ታሪክ ብዙ አያንስም። መጋቢት 28 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው አንሪ ፋብር ማርሴይ አጠገብ ካለው የቤር ሐይቅ በሞተር ኃይል ተነስቶ በረረ፤ ከውሃ ላይ ተነስቶ የበረረ የመጀመሪያው ባለሞተር አውሮፕላን የእሱ ነው። ፋብር ከዚያ ቀን በፊት አብርሮ የማያውቅ መሐንዲስ ነበር። በዓመቱ አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ በሳንዲያጎ የራሱን አበረረ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ትላልቅ በራሪ ጀልባዎች በጎረቤታችን ካርቱም ዓባይ ላይ፣ በኪሱሙም ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እያረፉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወርዱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየቦታው የአስፋልት ማኮብኮቢያ ስለበዛ የትላልቆቹ ዘመን አከተመ። ትንንሾቹ ቀሩ። ከመካከላቸው የካናዳው ዲ ሃቪላንድ ቢቨር ስሙ የገነነ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ በረራውን አደረገ፤ ከ1,600 በላይ ተሠርቶ በ1967 ማምረቱ ቆመ፤ ዛሬም ግን ሥራ ላይ ነው። ሠሪዎቹ አስቀድመው የበረሃና የጫካ አብራሪዎችን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቀዋል። በሩ የነዳጅ በርሜል አንከባሎ ለማስገባት የሚበቃው፣ የሞተር ዘይቱም በበረራ ላይ ከውስጥ ሆኖ የሚጨመረው ለዚህ ነው።

የጠዋቱ ሥራ የሚጀምረው በእጅ ፓምፕ ነው። እያንዳንዱ ተንሳፋፊ ውስጡ ውሃ በማያሳልፍ ግድግዳ ለብዙ ክፍሎች ተከፍሏል። አንዱ ቢበሳ ሌሎቹ ይይዙታል። በአሜሪካ ደንብ ሁለቱ ተንሳፋፊዎች በአንድነት ከአውሮፕላኑ ሙሉ ክብደት በላይ 80 በመቶ ትርፍ የመሸከም አቅም ሊኖራቸው ይገባል። ያም ሆኖ በብሎን ቀዳዳና በስፌት ጥቂት ውሃ መስረጉ አይቀርም። አብራሪው ጎንበስ ብሎ የየክፍሉን የጎማ ኳስ መድፈኛ ይነቅላል፣ ፓምፑን ያስገባል፣ ይስባል፣ ይቆጥራል። ቁጥሩ ዋና ነገር ነው። ትናንት በሦስት ስቦ የደረቀው ክፍል ዛሬ ሃያ ከጠየቀ ታችኛው ቆርቆሮ ድንጋይ አግኝቶታል ማለት ነው። በዚያ ቀን አይበረርም። የሰረገው እያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ለመነሳት አቅሙን አሟጥጦ ለሚጠቀም ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ኪሎ ቀላል ነገር አይደለም።

መነሳቱን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሦስት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ አውሮፕላኑ እንደ ማንኛውም ጀልባ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል። አብራሪው ከኋላ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መሪዎች ያነሳል፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይሰጣል፣ መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል። አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቃናል፤ ለጥቂት ሰከንዶች ፊት ለፊት ምንም አይታይም። ከዚያ ተንሳፋፊዎቹ ከውሃው ውስጥ ወጥተው ላዩ ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ነው የተንሳፋፊው ሆድ መካከል ያለችው እርከን የምትሠራው። ለስላሳና ወጥ የሆነ ሆድ፣ እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚጣበቅ፣ ውሃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እርከኗ ከኋላዋ አየር እያስገባች ያንን መጣበቅ ትቆርጠዋለች። አሁን ሚዛኑ ጠባብ ነው። አፍንጫው ቢደፋ አውሮፕላኑ እየነጠረ ይንገላታል፤ ቢቀና ውሃው ወደኋላ ይይዘዋል። ልኩን የሚያገኘው የአብራሪው እጅ ነው። ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ ሲጨምር ይሰማዋል።

በውሃ ላይ የተቀባ ቁጥርና መስመር የለም። ነፋሱን የሚነግረው የማማ ተቆጣጣሪም አብዛኛውን ጊዜ የለም። አብራሪው ማኮብኮቢያውን ራሱ ይመርጣል፤ ለመምረጥም ማንበብ አለበት። መልሕቅ የጣሉ ጀልባዎች አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ። ዳክዬዎች የሚነሱት ነፋሱን ተቃርነው ነው። በአንደኛው ዳርቻ ሥር ውሃው ጸጥ ብሎ ከታየ ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ዳርቻ ነው። ነጫጭ የሞገድ ጫፎች ከበዙ ደግሞ ለትንሽ አውሮፕላን ሌላ ሐይቅ መፈለግ ይሻላል።

ጀማሪ የሚፈራው ሞገዱን ነው። ነባሮቹ ይበልጥ የሚጠነቀቁት ግን መስተዋት ከመሰለው ጸጥተኛ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሰማዩንና ተራራውን መልሶ ስለሚያሳይ ገጹ የት እንዳለ ዓይን አይለየውም። አብራሪው ገና አሥር ሜትር ከፍታ ላይ እያለ የደረሰ መስሎት አፍንጫውን ሊያቀና ይችላል፤ ወይም ውሃው ገና ነው ሲል በሙሉ ፍጥነት ሊመታው ይችላል። መፍትሔው ዓይንን አለማመን ነው። ዛፍና ድንጋይ እየታየ ከፍታ እንዲለካ ዳርቻውን ይዞ ይመጣል። ከዚያ አፍንጫውን ለማረፍ በሚሆነው አኳኋን ያስተካክላል፣ በደቂቃ ከ45 ሜትር ባልበለጠ ቁልቁለት የሚያወርደውን ያህል ኃይል ይሰጣል፤ ይጠብቃል። ምንም አይነካም። ውሃው ራሱ መጥቶ እስኪያገኘው ድረስ ይጠብቃል። ይህ አወራረድ ረጅም ሐይቅ ይጠይቃል፣ ከሁሉ በላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በበረራ ሙያ ውስጥ ይህን ያህል የማከብረው ነገር ጥቂት ነው።

በአሜሪካ የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜ 17 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። ፈቃዱ ያለው ሰው የባሕር አውሮፕላን መብት ለመጨመር የጽሑፍ ፈተና የለበትም፤ ደንቡም ዝቅተኛ የሰዓት ብዛት አልወሰነም። የአስተማሪ ምስክርነትና የተግባር ፈተና ይበቃል፤ ብዙዎች በጥቂት ቀናት ያጠናቅቁታል። የግል አብራሪ በዚህ ገንዘብ አያገኝም፤ ከተሳፋሪዎቹ ጋር የነዳጁን ወጪ መካፈል ግን ይችላል።

የባሕር አውሮፕላን ውሃ ላይ ካረፈ በኋላ በዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ደንብ እንደ መርከብ ይቆጠራል፤ በጥቅሉም ከሌሎች መርከቦች ሁሉ ርቆ የመሄድ ግዴታው የእሱ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በከተማው መካከል ባለው ሌክ ዩንየን በበጋ ቀን ታንኳ ቀዛፊዎችና አውሮፕላኖች አንድ ውሃ ይጋራሉ። ጋዝ ወርክስ ፓርክ ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ሲያርፉ ተመልከቱ። አውሮፕላኑ ወደ መቆሚያው ሲቃረብ አብራሪው ሞተሩን ቀድሞ ያጠፋል፣ በሩን ከፍቶ ተንሳፋፊው ላይ ይወርዳል፣ ገመድ ይዞ አውሮፕላኑ የቀረችውን ርቀት ተንሸራትቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ስሌቱ ከተዛባ መቅዘፊያ ማንሳት ነው።

አደጋውንም ሳልናገር አላልፍም። ጎማም ተንሳፋፊም ያላቸው አውሮፕላኖች አሉ፤ ጎማው ሳይታጠፍ ውሃ ላይ ካረፉ በአፍንጫቸው ይገለበጣሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ አብራሪ ከማረፉ በፊት የጎማውን ሁኔታ ጮክ ብሎ ይናገራል። የባሕር አውሮፕላን ሲገለበጥ ሰውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ምቱ ሳይሆን በተዘቀዘቀው ክፍል ውስጥ መውጫ ማጣት ነው። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል። ከእነሱ መካከል የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ውስጥ ሆነው በመንፋታቸው መውጣት ያቃታቸው ነበሩ። ያ አውሮፕላን የባሕር አውሮፕላን አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

እናንተም በማልዲቭስ ሆነ በሲያትል አንድ ቀን በባሕር አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ፣ ከመነሳቱ በፊት የበሩን እጀታ በእጃችሁ ዳስሳችሁ ወዴት እንደሚከፈት እወቁ። ጃኬቱን ልበሱ፤ ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ ግን አትንፉት።