ከስልቻ እስከ ድራይ ባግ፦ ውሃ የማያስገባ ከረጢት

ዛሬ የምናወራው ተራ ስለሚመስል አንድ ዕቃ ነው፤ ውሃ ስለማያስገባ ከረጢት። እዚህ አገር ድራይ ባግ ይሉታል። “ከረጢት ደግሞ ምን ይወራለታል?” እንዳትሉ! ውጭ ለሚያድር ሰው ሌሊቱን ሞቆት በመተኛትና ሲንቀጠቀጥ በማንጋት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ይኸው ከረጢት ነው።

አላሜዳ ላይ ስለ ውሃ ማውራት ደግሞ ያምርብናል። ከተማችን ድሮ ደሴት አልነበረችም፤ ከኦክላንድ ጋር በመሬት የተያያዘች ነበረች። በ1902 እ.ኤ.አ. ቦዩ ተቆፍሮ ሲያልቅ ነው ዙሪያዋን ውሃ የከበባት። የተራራ ልብስና ድንኳን የሚሠራው ዘ ኖርዝ ፌስ የተባለው ኩባንያም በ1966 እ.ኤ.አ. ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ወደ ዴንቨር እስኪዛወር ድረስ ለጥቂት ዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አላሜዳ ነበር። ዕቃው የሰፈራችን ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስሊፒንግ ባግ ለምን ይሞቃል? ብዙ ልጆች “ወፍራም ስለሆነ” ይላሉ። ስሊፒንግ ባግ ግን በራሱ ሙቀት አያወጣም። በውስጡ ያለው ላባ ወይም ጥጥ መሳይ ነገር አየርን ይይዛል፤ አየሩ ደግሞ የእናንተን ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል። ውሃ ሲገባበት ላባው ይጨማደድና አየሩ ይወጣል። ውሃ ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ በፍጥነት ሙቀት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የረጠበ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ የተኛ ልጅ ሙቀቱን እየተዘረፈ ነው የሚያድረው። በረዶ ባይኖርም ሰውነት ከመጠን በላይ ሊቀዘቅዝና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ለዚህ ነው ነገሩ ቀልድ አይደለም የምንለው።

“እዚህ ሰመር ላይ አይዘንብ!” የምትሉም አትጠፉም። እውነት ነው፣ በቤይ ኤሪያ ዝናቡ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ግን ጉሙን ረሳችሁት? አንጀል አይላንድ ወይም ፖይንት ሬይስ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ጠብታ ሳይዘንብ ጠዋት ድንኳኑ በውሃ የተነከረ ይመስላል።

ታድያ አያቶቻችን ፕላስቲክ ሳይኖር እንዴት አደረጉ? ስንቃቸውን በቆዳ ነበር የሚይዙት። ስልቻ፣ አቅማዳ፣ ቀልቀሎ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ወላጆቻችሁም አንድ ነገር ተመላልሶ ያው ሲሆንባቸው “ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ” ይላሉ። ስልቻ ሲዘጋጅ የፍየሉ ቆዳ ሆዱ ላይ ሳይሰነጠቅ፣ ልክ እግራችሁ ላይ ያለውን ካልሲ ገልብጣችሁ እንደምታወልቁት ይገፈፋል። ከዚያ ይለፋል። ጤፍ፣ ገብስ ወይም የበሶ ዱቄት ይገባበትና አፉ ተጠምዝዞ ጥብቅ ተደርጎ ይታሠራል። በሶ ዝናብ ካገኘው መንገድ ላይ ራሱን በራሱ አቡክቶ ይጠብቃችኋል! ለእንጀራው ደግሞ በቆዳ የተለበጠ አገልግል አለ። እረኛው ራሱ ከሣር የተሠራ ገሳ ይደርባል።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ልብ በሉ። ከረጢት ውሃ የሚያስገባው በሁለት ቦታ ነው፤ በስፌቱና በአፉ። መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። እንደ ካልሲ የወጣ ቆዳ ስፌቱ ጥቂት ስለሆነ የመጀመሪያውን ችግር አያቶቻችን በፍየሉ አፈታት ፈትተውታል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የፋብሪካ ሥራ የማያንስ ጥበብ ነው። ቆዳ ግን ይከብዳል፤ ደጋግሞ ከረጠበም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ጨርቅን ውሃ እንዳያስገባ ያደረገው በሰፊው የሚታወቀው ሰው የስኮትላንዱ ቻርልስ ማኪንቶሽ ነው። በ1823 እ.ኤ.አ. የሟሟ ጎማ በሁለት ጨርቆች መካከል አድርጎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የዛሬው ድራይ ባግ የሚሠራው ከናይለን ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ ነው። ስፌት በመርፌ መስፋት ትተው ጠርዙን በሙቀት ያጣብቁታል፤ ወይም የተሰፋውን በልዩ ፕላስተር ይሸፍኑታል። አፉስ? ዚፕ የለውም። አፉን ገጥማችሁ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ትጠቀልሉና ግራና ቀኙን በዘለበት ትቆልፋላችሁ። ውሃው እያንዳንዱን ጥቅል ዞሮ መግባት ስላለበት መንገዱ ይረዝምበታል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅልላችሁ ከተዋችሁት ግን ያው ፌስታል ነው። እስከ አፉ የተሞላ ከረጢትም አይጠቀለልምና ቦታ ተዉለት።

ቤታችሁ ድራይ ባግ ካለ ከእናት ወይም ከአባታችሁ ጋር ሞክሩት። ደረቅ ሶፍት ክተቱና ጠቅልላችሁ ዝጉት፤ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ይዛችሁ አቆዩት። ሶፍቱ ረጥቦ ከወጣ ወይ ተቀዷል፣ ወይ አዘጋጋችሁ ተበላሽቷል። በአየር ሞልታችሁ ብትጫኑትና “ስስስ” ካለም ቀዳዳ አለው ማለት ነው። (ማንኛውንም ዓይነት ከረጢት ራስ ላይ ማጥለቅ ክልክል ነው። ታናናሾቻችሁንም ጠብቁ!)

የጀርባ ቦርሳ ላይ የሚለበስ የዝናብ ሽፋን አለ፤ ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ይረካል። እኔ ብዙ አላምነውም። ነፋስ ይወስደዋል፤ በጀርባችሁና በማንገቻው በኩል የሚወርደውንም ውሃ አያቆምም። ከውስጥ መከላከል ይሻላል።

ወላጆች ሆይ፣ ለዚህ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ቦርሳው ውስጥ ወፍራም የቆሻሻ መጣያ ከረጢት ዘርግቶ አፉን መጠምዘዝ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። አንድ ጥሩ ድራይ ባግ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ለስሊፒንግ ባጉና ለሌሊት ልብሱ ያድርጉት። እርጥብ ድንኳን ግን ከእነሱ ጋር አይግባ፤ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውሃ አያስወጣምም።

ካያክ ላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በእግር ስትሄዱ አየሩን ጨምቃችሁ ታስወጣላችሁ፤ ጀልባ ላይ ግን ጥቂት አየር ትተዉለታላችሁ፤ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ። እንዲህም ሆኖ ለረዥም ጊዜ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እንዲቆይ አልተሠራም፤ የሕይወት አድን ጃኬትንም አይተካም። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሚንቀሳቀስ ትንሽ ጀልባ ላይ ጃኬቱን መልበስ ግዴታው ነው።

ዮሴሚቲ የምትሄዱ ደግሞ ድቤን እንዳትረሱ። ድራይ ባግ ውሃ እንጂ ድብ አይከለክልም፤ ጥርሱ በአንዴ ይቀደዋል። እዚያ ዱር ውስጥ የሚያድር ሰው ዳቦ ቆሎውንም ቢሆን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ መያዝ አለበት።

ከጉዞ ስትመለሱ ከረጢቱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ አንጠልጥሉት። ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ሻጋታ ያወጣል፤ ሽታው ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ ከስሊፒንግ ባጋችሁ ጋር አብሮ ያድራል።