የካርቦን መሪ፦ ጥንካሬውና ዋጋው

ለኮረኮንች መንገድ የሚሠሩ አዳዲስ ብስክሌቶች አሉ። ጎማቸው ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ውድ ውድ የሆኑት መሪያቸው ከካርቦን ነው። ታዲያ «ካርቦን ይበረክታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለሚነሣ ነገሩን እንመልከት።

የካርቦን መሪ ከጠጉር የቀጠኑ ክሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። አሉሚኒየም በመንገዱ ንዝረት ብዛት ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ካርቦን ይህን ድካም በይበልጥ ይችላል። ጠላቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም ግጭትና ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፤ ካርቦን ግን ውስጡ ተሰንጥቆ ላዩ ደኅና ሊመስል ይችላል። ከሥላሴ ወደ ካዛንቺስ ቁልቁለቱን ስንወርድ ቢሰበርስ?

ስለዚህ ብሎኑ በመሪው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ። ክፉኛ የተጋጨ መሪም በባለሙያ ይመርመር፤ ካጠራጠረ ይለወጥ።

የዋጋው ነገር እዚህ ላይ ነው። የካርቦኑ ዋጋ ከአሉሚኒየሙ 3 እና 4 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የሚያቀለው ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም አይበልጥም። አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ ከዚህ ይከብዳል። በወደቅን ቁጥር ደግሞ ሒሳቡ እንደገና ሊመጣ ነው። ንዝረት ለመቀነስ ከሆነ ሰፊ ጎማና መጠነኛ ንፋስ የበለጠ ይረዳሉ።

በ1949 ዓ.ም. ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በሜልበርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው ሲወዳደሩ የካርቦን መሪ የሚባል አልነበረም። ለተወዳዳሪ 100 ግራም ቁም ነገር ይሆን ይሆናል፤ በደመወዙ ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤት ለሚጋልብ መምህር ግን አሉሚኒየሙ ይበቃል እንላለን።