ከልካይም ባለዕዳ ነው

ወረርሽኝ በሀገር ላይ በተነሣ ጊዜ መንግሥት ሕዝቡን ከመንገድ፣ ከገበያና ከጉባኤ ይከለክላል። ይህንም ሥርዓት በዘመናችን የተፈጠረ፣ ከባዕድ ሀገር ተቀድቶ የመጣ ነገር አድርገው የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የመንግሥት ትእዛዝ ከሆነ ዘንድ ምክንያቱን መመርመር፣ ወሰኑንም መጠየቅ አይገባም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ኦሪትን በሚገባ ያነበቡ አይመስለኝም።

በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛውና በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ለምጽ የተጻፈውን ሕግ ብዙ አንባቢ እንደ ደረቅ ነገር ቈጥሮ ያልፈዋል። አስተውሎ ለሚያነበው ግን ትልቅ የአስተዳደር ጥበብ ያለበት ክፍል ነው። በሰውነቱ ላይ የሚያጠራጥር ምልክት የታየበት ሰው ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ነገሩ ተለይቶ ያልታወቀ እንደ ሆነ ካህኑ ሰባት ቀን ከሰው ይለየዋል። በሰባተኛው ቀን ግን ካህኑ ተመልሶ ሊያየው ግድ ነው፤ እንደ ገና ቢጠራጠር ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል እንጂ ያለ ቀጠሮ አይተወውም። በሽተኛው የዳነ እንደ ሆነም ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ ያየዋል። መሥዋዕቱን ለማቅረብ ገንዘብ ያነሰው ድሀ ቢሆን ሕጉ ያቀልለታል። ደግሞም በኦሪት ዘኍልቍ በ12ኛው ምዕራፍ የሙሴ እኅት ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ በተለየች ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ድንኳኑን ሳይነቅል እርሷን ጠብቆ እንደ ቈየ ተጽፎልናል። ስድስት መቶ ሺህ ያህል እግረኛ የተቈጠረበት ሠራዊት ስለ አንዲት ሴት ጉዞውን አቆመ!

እንግዲህ መከልከል በሕገ እግዚአብሔር የታወቀ ሥርዓት ነው። ነገር ግን የሚከለክለው ሰው ለሚከለከለው ሰው ባለዕዳ ይሆናል፤ ቀኑን ቈርጦ ሊነግረው፣ ተመልሶ ሊያየው፣ ድህነቱን ሊያስብለት፣ የሚመለስበትንም በር ክፍት አድርጎ ሊጠብቀው ይገባል።

ይህ ዕዳ ሳይከፈል የቀረ እንደ ሆነ ምን እንደሚመጣ የሞስኮ ከተማ ታሪክ ያስረዳል። ሩስያውያን በሃይማኖት ቀኖና ከእኛ የሚለዩበት ነገር ቢኖርም ሥዕል በማክበርና ወደ እመቤታችን በመማፀን ይመስሉናልና ታሪኩ ለእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. በዳግማዊት ካትሪን ዘመነ መንግሥት ቸነፈር በሞስኮ ገባ። ሹማምንቱም ገበያውንና የሕዝቡን መታጠቢያ ቤት ዘጉ፤ በሽታ የተገኘበትን ቤት ዕቃ ያለ ካሣ አቃጠሉ፤ በሽተኞችንም ከቤተ ሰቡ እየለዩ ወሰዱ። ከዚህም የተነሣ ሰው ዕቃው እንዳይቃጠልበት በሽተኛውን ይሸሽግ፣ ሬሳውንም በሌሊት ወደ መንገድ ያወጣ ጀመር። ሥራ ቆመ፤ እህል ተወደደ። ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማው ገዥ ሳልቲኮቭ ከተማውን ጥሎ ወደ ርስቱ ሄደ።

ሕዝቡም ሌላ መጠጊያ ቢያጣ በቫርቫርካ በር ወዳለችው ወደ እመቤታችን ሥዕል ይጎርፍ ጀመር። ሌሊትና ቀን እየተጋፋ ሥዕሏን ይሳለም ነበር። ሊቀ ጳጳሱ አምብሮስዮስ የተማረ ሰው ነበርና በሽታው በዚያ መሳሳምና መጋፋት እንደሚዛመት ዐውቆ፣ ሥዕሏ ከዚያ እንድትነሣ፣ የምጽዋቱም ሣጥን እንዲታሸግ አዘዘ። ሕዝቡ ግን ሊቀ ጳጳሱ ገንዘቡን ሊወስድ፣ እመቤታችንንም ሊነጥቀን ነው ብሎ ደወል ደውሎ ተነሣ። በማግሥቱም ሊቀ ጳጳሱን በዶንስኮይ ገዳም ከተሸሸገበት አውጥተው ደብድበው ገደሉት።

ይህን ታሪክ የሚናገሩ ብዙዎች የሕዝቡን አለማወቅ ብቻ ይወቅሳሉ። ሊቀ ጳጳሱ ስለ በሽታው የተናገረው እውነት ነበረ፤ የገደሉትም ሰዎች ታላቅ ኃጢአት ሠርተዋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ገበያውን፣ መታጠቢያውን፣ ሥራውንና ዕቃውን ተራ በተራ ለወሰዱበት፣ በምትኩም አንድ እንጀራ ላልሰጡት ሕዝብ የመጨረሻዋን መጽናኛውን ውሰዱ ሲባል ምን ይሰማው ኖሯል? ሊቀ ጳጳሱ የሞተው ሌሎች ባልከፈሉት ዕዳ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ ግሪጎሪ ኦርሎቭን ላከች። እርሱም ክልከላውን አላነሣም፤ ነገር ግን የሐኪሞችን ደመወዝ ጨመረ፣ ከመለያው ቤት ድነው ለሚወጡት ገንዘብና ልብስ ሰጠ፣ ሥራ ለፈታው ሕዝብ የመንገድና የቦይ ሥራ ከፍቶ ደመወዝ ከፈለ። የክረምቱም ብርድ ረድቶት ወረርሽኙ ቀዘቀዘ። እስከዚያ ድረስ ከ50,000 የሚበልጥ ሰው አልቆ ነበር።

እንዲህ ከሆነ ጨርሶ አለመከልከል ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር፣ የኛን የኅዳር በሽታ ያስብ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ያ በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ ሐኪም የሚባለው በጣት የሚቈጠር ነበረ፤ ሰውን ከሰው የሚለይ የጸና ሥርዓትም አልነበረም። ከተማው ዐዋጅ ሳይጠብቅ በየቤቱ ወድቆ ተዘጋ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል፤ በኋላም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ከ10,000 በላይ እንደ ነበረ ጽፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ሳይቀበር የዋለባቸው ቀኖች ነበሩ። የሚከለክል ባልነበረበት በዚያ ዘመን የሚጠየቅም ባለዕዳ አልነበረም። እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቈሻሻ ጠርገን የምናጤሰው ጢስ የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው፤ ልጆቻችንም «ኅዳር ሲታጠን» እያሉ የሚጠሩት ምክንያቱን ሳያውቁ እንዳይሆን ብንነግራቸው መልካም ነው።

በእኛ ዕድሜ የሆነውን ደግሞ ሁላችን አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በሀገራችን መግባቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ስብሰባ በአራት ሰው ልክ ተወሰነ፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ታክሲና አውቶቡስ ከሚይዙት ሰው እኩሌታውን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ። ትእዛዙን የተላለፈ ሰው እስከ 3 ዓመት እሥራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጫ ተደነገገበት።

በዚህ ዐዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ መልካም ነገር ነበረ። ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ባለ ጠጋውንም ከለከለ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት አዘዘ። ሀገሩን ጨርሶ መዝጋትም ያልተቻለበት ምክንያት፣ ብዙ ሕዝብ ቤት የሌለው፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን በዕለት ላቡ የሚያገኝ ስለ ሆነ ነው ተብሎ በይፋ ተነገረ። ማዕድ ማጋራት የሚባለው ልማድም ያን ጊዜ በየሰፈሩ ተስፋፋ። ይህ ዕዳን ማወቅ ነው። የአፍ መሸፈኛ አላደረጋችሁም ተብለው በአንድ ጊዜ ተይዘው በአንድ ግቢ የታጎሩትን ሰዎች ስናስብ ግን፣ ሰው እንዳይሰበሰብ የሚከለክል ሕግ ራሱ ሰው ሲሰበስብ ምን ይባላል? እንዲህ ያለው ነገር የዐዋጁን ክብር ቀነሰው።

ዐዋጁ የወጣው በዐቢይ ጾም መጨረሻ ነበረ። ቅዱስ ሲኖዶስም ቅዳሴው በጥቂት ካህናት እንዲፈጸም፣ ምእመናኑም በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ወሰነ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ ብዙው ቤተ ሰብ ነጠላውን ለብሶ፣ ጧፍ አብርቶ በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ቆሞ አከበረ። ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ ከተዘጋው በር ፊት ለፊት አስፋልት ላይ እየሰገዱ የተመለሱም አሉ፤ እነርሱን እንደ አላዋቂ የሚቈጥር ሰው ካለ ልቡን ይመርምር። በዚያ ሌሊት በመቅደሱ የቆሙት ጥቂት ካህናት ለውጭው ሕዝብ ሁሉ ተሰጥዖውን እየመለሱ አደሩ። ይህም ዕዳ መክፈል ነው።

ሳይከፈል የቀረው ዕዳ ግን የቆሎ ተማሪው ነው። አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞረው ልጅ ጎተራ የለውም፤ ጎተራው የሰው ደጅ ነው። ያ ደጅ ሲዘጋ፣ ሰውም እንግዳ በመጣ ቍጥር ሲሸሽ፣ ተማሪው በጎጆው ምን ሊበላ ነው? በዚህ ዓይነት ያደግን ሰዎች የውሻ ጩኸትና የተዘጋ በር ምን እንደ ሆነ እናውቃለንና ነገሩ አንጀታችንን ይበላዋል። በአንዳንድ ቦታ ምእመናን እህል ሰብስበው ወደ የኔታ ደጅ አደረሱ፤ በሌላው ቦታ ግን ተማሪው ዜማውን አቋርጦ ወደ መጣበት ሀገር በእግሩ ተበተነ። የከተማውም ተማሪ ቢሆን እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዚያም በላይ፣ በቤቱ ዋለ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ስልክ ለአባት፣ ለእናትና ለአራት ልጆች በሆነበት ቤት ማን ይማርበታል? ስልክ የነበረውና ያልነበረው ልጅ ወደ ክፍል ሲመለሱ የነበራቸውን ልዩነት ያስተማረ ሰው ያውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ መንግሥትና ስለ ቤተ ክህነት ነው። ነገር ግን በዚያ ወራት ከልካይ ያልሆነ የቤት ጌታ፣ ያልሆነች የቤት እመቤት ነበረችን? ልብስ የምታጥበውን ሴት ከዛሬ ጀምሮ አትምጪ ያልናት እኛ ነን። አብራን የምትኖረውንም ልጅ ከበር እንዳትወጪ ብለን ያዘዝናት እኛ ነን። ስለ ጤና ሲባል ይህ ባልከፋ፤ የቀረችው ሴት የወር ደመወዟን አገኘችን? የተዘጋባት ልጅ ከእናቷ ጋር በስልክ እንድትነጋገር ተፈቀደላትን? በዚያው ዓመት በግንቦትና በሰኔ፣ በቤሩት ከተማ አሠሪዎቻቸው ደመወዝ ሳይከፍሉ በቆንስላችን ደጅ ከነሻንጣቸው የጣሏቸው እኅቶቻችን በመንገድ ዳር ሲያድሩ አይተን አልቅሰናል። ልቅሶው የሚገባ ነበረ። ነገር ግን የቤሩቱን አሠሪ የምንወቅስበት ቃል በገዛ ቤታችን ጓዳ ደግሞ ሊሰማ ይገባዋል።

ከሁሉ የከበደው የለቅሶ ነገር ነው። ለቀብር የሚወጣው ሰው ተቈጠረ፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ኀዘንተኛን አቅፎ መሳም ቀረ። በእኛ ሀገር ሰው ደስታውን ብቻውን ቢደሰት ይቻላል፤ ኀዘኑን ብቻውን ሲያዝን ግን እንደ ተጣለ ይቈጠራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ትእዛዙን ጥሶ ለቅሶ ደረሰ፤ ብዙ ሰውም ትእዛዙን ጠብቆ በጎረቤቱ ዘንድ እንደ ከሐዲ ታየ። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ሰላም የማይባባሉ ቤተ ሰቦች እንዳሉ በየሰፈራችሁ ታውቃላችሁ። የቀረ ሰው ፍርሀቱ ብቻ አይቈጠርበት፤ ደካማ እናት በቤቱ ያለችው ሰው ምን ያድርግ? ነገር ግን ጊዜው ካለፈ በኋላም ደጁን ሳይረግጥ የቀረ ሰው ስለ ዐዋጁ ቢያሳብብ አይሰማለትም።

በሰፈራችን ያለው እድር በዚያ ወራት ያደረገው ነገር ሊነገር የሚገባው ነው። ዳኛው አባሎቹን በስልክ አማክረው፣ ገንዘቡ ያለ መዘግየት ለኀዘንተኛው ቤት እንዲላክ፣ ንፍሮውና እንጀራውም በደጅ እንዲቀመጥ አዘዙ። ማታ ማታም ሁለት ሁለት ሰው በተራ እየሄደ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይመለስ ነበር። ጸሐፊው ደግሞ በመዝገቡ መጨረሻ አንድ ገጽ ከፈተና «ያልተደረሰ ለቅሶ» ብሎ ጻፈበት፤ ከሚያዝያ እስከ ጳጉሜን የሞቱትን ሰዎች ስም በተራ አሰፈረ። ዐዋጁ ካለፈ በኋላ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ አንድ አንድ ቤት እየተቈጠረ፣ ወንበሩ ወጥቶ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ሟቹ ትናንት እንደ ሞተ ሁሉ ተለቀሰለት። ዐሥራ አንድ ቤት ነበረ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የነበሩ አንዲት ባልቴት፣ ባላቸው በሞቱ በሰባተኛው ወር ድንኳን ሲተከልላቸው ባዩ ጊዜ፣ ተነሥተው ጥቁር ነጠላቸውን እንደ አዲስ አዘቅዝቀው ለበሱና በደጁ መቆሚያ ላይ ቆመው ለቀስተኛውን ተቀበሉ። ጸሐፊውም ያን ዕለት ማታ በመዝገቡ ላይ በስማቸው አንጻር መሥመር አሰመረ።