የኤፒቴልየም ሕዋሳትና የዐይን ማዝ በፎገራ ሜዳ



በክፍል ውስጥ ኤፒቴልየምን እንደ ግድግዳ እናስተምረዋለን፤ ብልቶችን ይለብጣል፣ ባዕድ ነገርን ይከለክላል። ትክክል ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ኤፒቴልየም ዘበኛም ነው፤ ሲጠቃ ይጮኻል። ብልትን የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ ወራሪው ራሱ ሳይሆን የዚህ ጩኸት መደጋገም ነው። ለዚህ ወረታ ላይ ለተቀመጥን ሰዎች ከትራኮማ፣ በሕዝቡ አጠራር ከዐይን ማዝ፣ የቀረበ ምሳሌ የለም። ደቡብ ጎንደርን የሚያቅፈው የአማራ ክልል በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

አምጪው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ ከሕዋስ ውጭ አይራባም። የዐይን ቆብን የውስጥ ገጽ በሚለብጠው ስስ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ተባዝቶ፣ ሕዋሱን አፍርሶ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። የተጠቃው ሕዋስ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይጎርፋሉ። አንድ ጊዜ ቢሆን ሽፋኑ ያገግማል። በልጅነት ዘመን ሲመላለስ ግን ጠባሳ ይተክላል። ጠባሳው ሲኮማተር የቆቡ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያን፣ ማለትም ግልጹን የዐይን የፊት ክፍል፣ ይፈገፍጋል። የኮርኒያው ኤፒቴልየም በተራው ይላጣል፤ ብርሃን ማሳለፊያው ይደፈርሳል።

ወረንጦ ይዘው ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ ብዙ እናቶቻችን ዘንድ ባክቴሪያው ዛሬ ላይገኝ ይችላል፤ የቀረው ጠባሳው ነው። ስለዚህ አዚትሮማይሲን ለልጅ ልጆቻቸው እንጂ ለታጠፈው ቆብ መፍትሔ አይሆንም፤ ለእነርሱ የሚበጀው ቀዶ ሕክምና ነው።

መድኃኒቱ ልጁን ቢፈውሰውም ዳግም ከመያዝ አይጠብቀውም። በበኩሌ የፊት ንጽሕናንና የመጸዳጃ ቤትን ጉዳይ ከክኒኑ በታች ማየታችን አይዋጥልኝም። ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ሆኖም ውሃ በሜዳ ላይ መተኛቱና ለሕፃን ፊት የሚሆን ንጹሕ ውሃ በቤት መገኘቱ ለየቅል ነው። ፎገራ የከብት አገር ነውና ዝንቡን ሁሉ በእበት የሚያሳብብ አይጠፋም፤ ዐይናር ላይ የምታርፈው ዝንብ ግን ይበልጥ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው የኅብረተሰብ የጤና ችግር መሆኑ አበቃ ለማለት ሁለት መለኪያ አለው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ንቁ ትራኮማ ከ5 በመቶ በታች፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ ያልታከመ የሽፋሽፍት መታጠፍ ከ0.2 በመቶ በታች መውረድ አለበት። የመጀመሪያው የሕዋሱን ጩኸት፣ ሁለተኛው ጠባሳውን ይለካል። ሕፃናቱ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ቢድኑ እንኳ ሁለተኛው ቁጥር ገና ለብዙ ዓመታት የቀዶ ሐኪም እጅ ይጠብቃል።